ድርቆሽ ያጣ ሆድ

መስከረም 2 ቀን ጠዋት፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የእንስሳት ክሊኒክ በር ላይ ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው የምትባል ልጅ የካርቶን ሣጥን ታቅፋ ቆማለች። እናቷ ከኋላዋ ሆነው በስልክ ያወራሉ፤ "ልጄማ ደህና ናት፤ ጥንቸሏ ናት እንጂ" ይላሉ ለደወለላቸው ሰው። ሣጥኑ ውስጥ ጥጤ የምትባል ነጭ ጥንቸል ጀርባዋን አጉብጣ፣ ዐይኗን በግማሽ ጨፍና ኩርምት ብላለች። አፍንጫዋ ሥር የተቀመጠላትን ካሮት ዞር ብላ አላየችውም።

ሐኪሙ ጥንቸሏን ከመንካቱ በፊት መጠየቅ ጀመረ።

"መጨረሻ የበላችው መቼ ነው?"

"ትናንት ማታ መሰለኝ ዶክተር" አሉ እናት።

"በጠጧንስ መቼ ነው ያያችሁት?"

እናት ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ዛሬ ጠዋት ቤቷን ሳጸዳ ምንም አልነበረም" አለች ልጅቷ። "ሁልጊዜ ግን ብዙ ነው የማወጣው።"

"ጎበዝ። እሱን ማየትሽ ትልቅ ነገር ነው።"

ቀጥሎ የመጣው የበዓሉ ዝርዝር ነበር። አክስት ድፎ ዳቦ ቆርሰው ሰጥተዋታል። የአጎት ልጆች ሙዝና ብስኩት አቃምሰዋታል። ከጎረቤት የመጡ አንድ እናት ከቆሉት ሽንብራ አካፍለዋታል። በሰው ቤት ለእንግዳ የሚደረገው መስተንግዶ ሁሉ ለእሷም ተደርጎላታል፤ ማንም ክፉ አላሰበም። የዘወትር ምግቧ ሲጠየቅ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ፍሩሽካ ሆነ።

"ድርቆሽስ?"

"እሱ የከብት አይደለም እንዴ ዶክተር?"

የጥጤ ሕመም ምክንያቱ እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው። በቤት ውስጥ የሚያድጉ ጥንቸሎችን ወደ ሐኪም ከሚያመጡት ዋና ዋና ችግሮች አንዱ የሆድ መቆም ነው። አንጀት እንቅስቃሴው ይዳከማል፤ ቀስ በቀስም ጸጥ ይላል። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ የጥርስ ሕመም፣ ድንጋጤ፣ የውኃ እጥረት፣ እንደ ድሬዳዋና አዋሽ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ሙቀት። በጣም የተለመደው ግን በየቀኑ የሚቀርበው ምግብ ነው። ጥንቸል ረጅም ቃጫ ያለው ሣር ሲጎድልባትና ስታርችና ስኳር ሲበዛባት ሆዷ ይታመማል።

ይህን ለመረዳት የጥንቸልን ሆድ ከላም ሆድ ጎን ማየት ይጠቅማል። ሁለቱም ሣር በሊታ ናቸው፤ ሁለቱም ሣሩን ራሳቸው መፍጨት ስለማይችሉ ሥራውን በሆዳቸው ለሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ይሰጣሉ። ልዩነቱ የሕዋሳቱ ማደሪያ ነው። የላም ከፊት፣ ገና ከጅምሩ፣ በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ነው። የጥንቸል ከኋላ ነው፤ ትንሹ አንጀት አልቆ ትልቁ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ያለ ከረጢት ውስጥ። ይህ ከረጢት ከጨጓራዋ ዐሥር እጥፍ ያህል ይይዛል፤ ከመላው የምግብ መተላለፊያዋም 40 ከመቶ የሚሆነውን ቦታ ብቻውን ወስዷል። ጥንቸል ያለው ሰው ሲመግብ የሚመግበው እነዚህን ሕዋሳት ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህም የሚያስደንቀው ማጣሪያው ነው። የተበላው ነገር ትልቁ አንጀት መግቢያ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ረጅሙና ሸካራው ቃጫ ወደፊት ይገፋና ድርቅ ያለ ክብ በጠጥ ሆኖ ይወጣል። ደቃቁና ፈሳሹ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሕዋሳቱ ያብላሉታል፤ ጉልበት የሚሆን አሲድ፣ ፕሮቲንና የቢ ቫይታሚኖችን ያዘጋጃሉ። ከሰዓታት በኋላ ይህ የተብላላ ምግብ እንደ እንጆሪ ዘለላ የተያያዘ፣ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ነገር ሆኖ ይወጣል፤ ጥንቸሏም አጎንብሳ ከመውጫው ላይ በቀጥታ ትበላዋለች። ይህን የምታደርገው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ወይም ማለዳ ስለሆነ ለዓመታት ጥንቸል ያሳደገ ሰው እንኳ ላያየው ይችላል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር ይቆጥራታል፤ የከብት ዓይነት ጨጓራ ባይኖራትም ምግቧ ሁለት ጊዜ በአፏ ማለፉ እውነት ነው።

ታዲያ ያ ሸካራ ቃጫ ራሱ የማይፈጭ ከሆነ ምን ይሠራል? ይገፋል። የአንጀቱ ግድግዳ እንዲኮማተርና እንዲላቀቅ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ቃጫው ሲያንስ መግፋቱ ይዳከማል፤ የከረጢቱ ይዘት ይቆማል፤ ውኃው ይመጠጣል። በዚያ ላይ የዳቦ ስታርችና የሙዝ ስኳር ተርፎ ከረጢቱ ሲደርስ እዚያ የነበረው የሕዋሳት ሚዛን ይናጋል። ጋዝ የሚያመርቱት ይበዛሉ። ክሎስትሪዲየም ከሚባሉት ወገን አንዳንዶቹ መርዝ ይረጫሉ፤ በተለይ ጡት በጣሉ ሰሞን ያሉ ግልገሎችን በአንድ ቀን ሊገድል የሚችል መርዝ ነው።

ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። የጨጓራዋ መግቢያ የተሠራው ወደ ታች ብቻ ለማሳለፍ ነው። ስለዚህ ጋዙ አንጀቷን ይወጥራል፤ መወጠሩ ያማታል፤ ሲያማት መብላት ታቆማለች፤ ስላልበላች ደግሞ አንጀቱ ይበልጥ ይቆማል። ሰውነቷ የተራበ መስሎት ስብ ወደ ጉበት ማጓጓዝ ሲጀምር ሌላ አደጋ ይመጣል፤ ጉበቱ በስብ ይሞላና ይደክማል። ወፍራም ጥንቸሎች ላይ ይህ ይፈጥናል። ሐኪሞች ዐሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ምንም ያልበላችን ጥንቸል እንደ ድንገተኛ ሕመምተኛ የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። ውሻ አንድ ቀን ባይበላ ነገ ይበላል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። በጥንቸል ግን ነገ ላይኖር ይችላል።

በምዕራቡ ዓለም ራሱ ይህ ግንዛቤ የመጣው ዘግይቶ ነው። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ጥፋቱን የሚጥሉት ጨጓራ ውስጥ በሚገኘው የጠጉር ድቡልቡል ላይ ነበር። የአናናስ ጭማቂ ያጠጡ ነበር፤ ሆድ ቀድደው ጠጉሩን ያወጡም ነበር። ዛሬ የሚታወቀው ሌላ ነው። ጥንቸል ገላዋን ስለምትልስ ጨጓራዋ ውስጥ ምንጊዜም ጠጉር አለ፤ አንጀቱ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ከሣሩ ጋር ያልፋል። ጠጉሩ የሚደርቀውና የሚከማቸው እንቅስቃሴው ሲቆም ነው። ያ የጠጉር ድቡልቡል የመቆሙ ውጤት ነበር፤ ምክንያቱ ሌላ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሙ ጥጤን በፎጣ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ማዳመጫውን ከጎድኗ ጀርባ፣ በግራም በቀኝም፣ ለረጅም ጊዜ ያዘ። የጤነኛ ጥንቸል ሆድ ያጉረመርማል፤ የጥጤ ጭር ብሏል። ቀስ ብሎ በጣቶቹ ዳሰሳት፤ ለስላሳ ሊጥ የሚመስል ነገር አለ፤ ተወጥሮ የደረቀ ግን የለም። አፏን ከፍቶ በትንሽ መብራት የመንጋጋ ጥርሶቿን አየ። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የፊተኞቹ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሣር ካላኘከች የሚሞርደው ነገር የለም፤ ሾሎ ምላስና ጉንጭ ይወጋል። ሙቀቷ 37 ተኩል ሆነ። የጤነኛዋ ከ38 ተኩል እስከ 40 ነው፤ ወደ ታች መውረዱ ከትኩሳት ይበልጥ ያስፈራል።

"ቀዝቅዛለች" አለ። ረዳቱ የሞቀ ውኃ የተሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላ አጠገቧ አስተኛች።

ቅደም ተከተሉን ለእናት ሲያስረዳቸው አጠገባቸው የቆምኩት እኔም ጻፍኩት። መጀመሪያ ሙቀት፣ የሕመም ማስታገሻና ውኃ። ውኃው በትከሻዋ ላይ ባለው ልል ቆዳ ሥር በመርፌ ገባ፤ እብጠት ሠርቶ ቀስ እያለ ወደ ሰውነቷ ሰረገ። ማስታገሻው ሜሎክሲካም ነበር። ሕመሙ ሳይታገስ ምግብ መግፋት ከንቱ ልፋት ነው፤ ራሷ የማትፈልገው ስላማት ነውና። ምግብ የሚቀጥለው ከዚያ በኋላ ነው፤ በለብታ ውኃ የቀጠነ ደቃቅ የሣር መኖ፣ ያለ መርፌው ስሪንጅ፣ ከፊት ጥርሶቿ ጎን ባለው ክፍተት በኩል፣ እየጠበቁ በትንሽ በትንሹ። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ለብዙ ጊዜ ተከፋፍሎ። አንጀት የሚያንቀሳቅሰው መድኃኒት ሜቶክሎፕራማይድ የሚጨመረው መንገዱ አለመዘጋቱ ከታወቀ በኋላ ነው።

የመጨረሻዋ ነጥብ ከባድ ናት። አንዳንዴ አንጀቱ በጠጉር ወይም በምንጣፍ ክር በእርግጥ ይዘጋል። ያን ጊዜ በስሪንጅ መመገብም ማንቀሳቀሻ መስጠትም ጉዳት ነው፤ የሚያስፈልገው ራጅና ቀዶ ሕክምና ነው። ለመለየት ከሚረዱት አንዱ የደም ስኳር ነው። እንግሊዛዊቷ የጥንቸል ሐኪም ፍራንሲስ ሀርኮርት-ብራውን በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ሥራ እንዳሳየችው፣ አንጀታቸው የተዘጋ ጥንቸሎች የደም ስኳር ከ20 ሚሊሞል በላይ፣ እኛ በለመድነው መለኪያ ከ360 በላይ፣ የመውጣት ዝንባሌ አለው። የጥጤ ዝቅ ያለ ነበር።

ከስልኩ ወዲያ ማዶ ያሉት ዘመድ ምክር አላቸው፤ ፌጦ በማር። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ በሚያማት ሆድ ላይ የሚያቃጥል ነገርና ስኳር መጨመር ነው። እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ ጠየቁ። "ቤት የልጆቹ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ተርፎ ነበር። ትንሽ ጠብ ባደርግላትስ?"

"እሱንማ በፍጹም እናቴ!"

ይህን ማስጠንቀቂያ ጥንቸል ያለው ሁሉ ግድግዳው ላይ ቢለጥፈው ደስ ይለኛል። በአፍ የሚሰጥ አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና ፔኒሲሊን፣ እንዲሁም ሊንኮማይሲንና ክሊንዳማይሲን ለጥንቸል መርዝ ናቸው። ከረጢቱ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ሕዋሳት ይፈጁና መርዝ ረጪዎቹን ክሎስትሪዲየሞች ብቻቸውን ያስቀራሉ። ብዙ ጊዜ ሞት የሚመጣው ከቀናት በኋላ በተቅማጥ ነው፤ ባለቤቱም ከሽሮፑ ጋር አያገናኘውም። ለጥንቸል የሚሆኑ ፀረ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነሱን የሚመርጠው ግን ሐኪም ነው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎጣው ላይ ሦስት በጠጥ ተገኘ። ከወትሮው ያነሱ፣ የጠቆሩና የደረቁ ነበሩ። ልጅቷ ጮኸች። ሐኪሙ አንዷን በጣቱ ጨፍልቆ አሳያት፤ ውስጧ ጠጉርና የቃጫ ስባሪ ነበር። ማታ ወደ ቤት ሲሸኛቸው ስሪንጅ፣ መድኃኒትና አንድ ፌስታል ድርቆሽ አስያዛቸው።

ስለዚህ ድርቆሽ ልዘርዝር፤ ከመድኃኒቱ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነውና። የአዋቂ ጥንቸል ምግብ ከመቶ ሰማንያ እጁ ያህል ድርቆሽና ሣር መሆን አለበት። መጠኑን በዐይን ለመገመት ቀላሉ መንገድ በየቀኑ የጥንቸሏን አካል የሚያህል ክምር ማቅረብ ነው፤ ቀንና ሌሊት ከፊቷ ሊጠፋ አይገባም። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ጢሞቲ የሚባለውን ሣር በፓኬት ከሱቅ ያገኛሉ። እዚህ የሱሉልታን ሜዳ የሚያውቅ ሰው በጥቅምትና በኅዳር የሚታጨደው ሣር ምን እንደሚመስል ያውቃል። ያ ሣር ለጥንቸል ይሆናል። አረንጓዴነቱ ያልጠፋና የሣር ሽታ ያለው ይመረጣል፤ ዝናብ መትቶት የሻገተ፣ ሲያራግፉት አቧራ የሚያቦን መጣል አለበት። ድርቆሽ በጠፋበት ሰሞን ንጹሕ የጤፍ ጭድ እንኳ ከዳቦ ይሻላል፤ ምግብነቱ አነስተኛ ቢሆንም ቃጫ አለው።

እርጥብ ሣርም መልካም ነው፤ ቀስ በቀስ ከለመደች። ማገጥ የበዛበት እርጥብ ሣር በድንገት የጠገበ ከብት እንደሚነፋ ገበሬው ያውቃል። ለጥንቸልም ማንኛውም አዲስ ነገር ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት በሚዘልቅ ጊዜ እየተጨመረ ይለመድ። አልፋልፋ ፕሮቲንና ካልሲየሙ ከፍተኛ ስለሆነ የግልገል ምግብ ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ለሆናት ጥንቸል ይቀነስ።

ከቅጠላ ቅጠል ሰላጣ፣ የካሮት ቅጠል፣ የድንብላል ቅጠልና በሶብላ ይስማማሉ። የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ አልፎ አልፎ፤ ጥቅል ጎመን ጋዝ ስለሚያበዛ በጥቂቱ። ድንች፣ ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይቅረቡ። አቮካዶ መርዝ ነው። የዶሮ መኖም ለጥንቸል አልተሠራም፤ እህሉ ብዙ ነው፤ አንዳንዱም ላይ ዶሮን ኮክሲዲያ ከሚባል የአንጀት ጥገኛ የሚጠብቅ፣ ጥንቸልን ግን የሚገድል መድኃኒት ይጨመርበታል።

ካሮትስ? ጥንቸልና ካሮትን በዓለም ልጆች ልብ ውስጥ ያጣመረው በ1940 (እ.ኤ.አ.) በፊልም ብቅ ያለው የካርቱን ጥንቸል ባግስ ባኒ ነው። ካሮት ሥር ነው፤ ስኳር የተከማቸበት። የጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ማቅመስ አይጎዳም። ሙዝም እንዲሁ። የዘወትር ምግብ ሲሆኑ ግን ጥንቸሏ ጣፋጩን እየመረጠች ሣሩን ትተዋለች።

ይህ መምረጥ በደንብ ተጠንቷል። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 32 ጥንቸሎችን በአራት ከፍለው ለ17 ወራት የተለያየ ምግብ ሰጧቸው፤ ድርቆሽ ብቻ፣ ድርቆሽና የተጨመቀ ፔሌት መኖ፣ ድርቆሽና የተደባለቀ የእህል መኖ፣ የእህል ድብልቅ ብቻ። ድብልቁን ያገኙት የሚጣፍጠውን ለቅመው የቀረውን ተዉ፤ ወፈሩ፤ ጥርሳቸውም ተበላሸ። ፔሌት ላገኘ ሰው በብሪታንያ የሚመከረው መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 25 ግራም ነው። ከዚያ በላይ ድርቆሹን ያስረሳል። ፍሩሽካ በጭልፋ ለሚሰጥ ሰውም ምክሩ ያው ነው።

ሰዎች ብዙ የሚሳሳቱበት አንድ ነገር ይቀራል። ጥንቸላቸው ቂጧ ላይ የተለጠፈ ለስላሳ ነገር ሲያዩ "ተቅማጥ ያዛት" ብለው ሣር ይከለክሏታል። ብዙ ጊዜ ተቅማጥ አይደለም። ያው መልሳ መብላት የነበረባት የተብላላ ምግብ ነው፤ እህልና ፍራፍሬ ስለበዛባት ልል ሆኖ ወጥቷል፤ ወይም ወፍራ አጎንብሳ መድረስ አቅቷት ትታዋለች። ከእሱ ጋር ክቡ በጠጥ እንደ ወትሮው ካለ መድኃኒቱ እህሉን አቁሞ ድርቆሽ ማብዛት ነው። አካባቢውን ግን በየቀኑ ማጽዳት ግድ ነው፤ ዝንብ እንቁላሏን ከጣለችበት በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሥጋዋን መብላት ይጀምራል። ክብ በጠጥ ጨርሶ ጠፍቶ ውኃ የሚመስል ብቻ ከወጣ፣ በተለይ ግልገል ከሆነች፣ ያ እውነተኛ ተቅማጥ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ካላያት ትሞታለች።

ጤነኛ ጥንቸል በቀን ከ200 እስከ 300 በጠጥ ትጥላለች። መቁጠር አያስፈልግም፤ ጠዋት ጠዋት ስታጸዱ መጠኑ፣ ክብነቱና ብዛቱ እንደ ትናንቱ መሆኑን ማየት ይበቃል። ትናንሽ ሆነው ሲመጡ ወይም በጠጉር ተያይዘው እንደ ዶቃ ሲንጠለጠሉ ገና ሳትታመም አውቃችሁባታል። ውኃም በጡጦ ከሚንጠባጠብ በከባድ ሳህን ቢቀርብ ይበልጥ ትጠጣለች። ጥርሷን ድምፅ እስኪሰማ ካፋጨች፣ ከተኮራመተችና የምትወደውን እምቢ ካለች፣ ሌሊት ቢሆንም መደወል ነው። ጥንቸል የአዳኝ ሲሳይ ሆና የኖረች እንስሳ ናት፤ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ስታሳይ ጊዜው ሄዷል ማለት ነው።

የአገራችን የእንስሳት ሕክምና ትኩረቱ በቀንድ ከብት፣ በበግና ፍየል፣ በጋማ ከብትና በዶሮ ላይ ነው፤ የሕዝቡ ኑሮ እዚያ ላይ ስለሆነም ተገቢ ነው። ስለዚህ ጥንቸል የያዘ ቤተሰብ ጥንቸል አክሞ የሚያውቅ ሐኪም የትኛው እንደሆነ ከመታመሟ በፊት ጠይቆ ስልኩን መያዝ አለበት። አሜሪካ ውስጥ በ1988 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው ሀውስ ራቢት ሶሳይቲ የተባለው ማኅበር ከሚሠራቸው ጠቃሚ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ለጥንቸል የሚሆኑ ሐኪሞችን ዝርዝር ይዞ ለጠየቀው ይጠቁማል። እኛም ዘንድ ሐኪሞቹ ራሳቸው ተነጋግረው እንዲህ ያለ ዝርዝር ቢያዘጋጁ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ለመኖ ነጋዴዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ አንድ ሙሉ እስር ድርቆሽ ገዝቶ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ንጹሕ ድርቆሽ በኪሎ፣ በወረቀት ከረጢት፣ በየሰፈሩ ሱቅ ይሸጥ። ገዢው አለ፤ ዕቃውም ከከተማው አፍንጫ ሥር ሱሉልታ ላይ ተከምሯል።